የንፋስ አፋፍ ቁልቁለት

ይግዛው ከአሥመራ ወደ ደባርቅ ሲመለስ፣ ዘመድ አዝማዱ ሀብት ይዞ ይመጣል ብሎ ሲጠብቀው፣ እሱ በጭነት መኪና አሮጌ ብስክሌቶች ጭኖ ወረደ። በልጅነቱ ሄዶ ከአንድ ጣሊያን የብስክሌት ጋራዥ ተቀጥሮ ነበር። ጣሊያኑ አገር ጥሎ ሲሄድ ዕቃውን ለእሱ ተወለት፤ ጦርነቱ ሲበረታ ደግሞ እሱም በተራው ከተማዋን ጥሎ ወጣ። የደባርቅ ሰው መኪናውን ከቦ እየሣቀ አየው።

"አሁን ይኸ እዚህ ምን ሊሠራልህ ነው፣ ይግዛው? የእኛ አገር ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት!" አሉት።

"ዳገቱን በቅሎ ትወጣዋለች፤ ቁልቁለቱን ለእኔ ተዉት" ብሎ መለሰ። ያን ጊዜ ለቀልድ ያህል ነበር ያለው።

ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከገበያው ዳር አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ይዞ ብስክሌት እያከራየና እየጠገነ ኖረ። የከተማው ጎረምሳ ግን ሜዳ ለሜዳ መዞሩ ቶሎ ሰለቸው። ብስክሌቱን ተከራይቶ ከይግዛው ዓይን ሲሰወር ወደ ንፋስ አፋፍ ይገፋዋል፤ ከዚያ በከብት መውረጃው ይለቀዋል። ብስክሌቱ ሲመለስ ጎማውን የሚይዘው የፊት እግሩ ተቆልምሞ፣ ጎማው ተበስቶ፣ ሰንሰለቱ ተበጥሶ ነው። ቢቆጣም ቢዝትም የሚሰማው አጣ። በመጨረሻ አንድ እሑድ "እስቲ የምታደርጉትን ልየው" ብሎ ተከትሏቸው ወጣ።

ንፋስ አፋፍ ከከተማው በላይ ያለ ጉብታ ነው። ከላዩ ቆመው ሲያዩት መሬቱ እየተንሸራተተ ይወርድና፣ ትከሻ ከመሰለች ቦታ ሲደርስ ከዓይን ይሰወራል። ከትከሻው በታች የባሕር ዛፍ ደን አለ፤ ከደኑ ሥር ጣሊያን ያወጣው የመኪና መንገድ ያልፋል። በግራ በኩል ግን አገሩ ባንድ ጊዜ ይቆረጣል፤ ገደል ነው፤ ከገደሉ ግርጌ ቆላው እስከ ተከዜ ድረስ ተዘርግቶ በጭጋግ ውስጥ ይታያል።

ያን ቀን ያርጋል የሚባለው ጎረምሳ ከአፋፉ ሲነሣ አየ። ልጁ ከፔዳሉ ላይ ቆሞ፣ ወገቡን ወደ ኋላ ጥሎ፣ የድንጋዩን ንረት በጉልበቱ እየዋጠ ወረደ። ይግዛው አሥመራ ሳለ ብዙ ጋላቢ አይቷል፤ ዋንጫ የወሰዱ፣ ስማቸው በጋዜጣ የወጣ። እንዲህ ያለ ግን አላየም። ልጁ ከታች ወድቆ፣ ተንከባሎ፣ አፈር ለብሶ እየሣቀ ሲነሣ፣ ይግዛው ሊቆጣ የከፈተውን አፉን መልሶ ዘጋው።

"አጥንትህ ቢሰበርስ?" አለው ቀስ ብሎ።

"መንገዱ ክፉ ሆኖ ነው እንጂ ጋሼ፣ ብስክሌቱማ ይሄዳል" አለ ያርጋል።

ነገሩ የተጀመረው ከዚህች አነጋገር ነው።

ይግዛው ሚስት አግብቶ ፈቷል፤ ልጅ አልወለደም። ዕድሜው አርባን አልፎ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ግን እንደ አዲስ ሙሽራ ሆነ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ገሠሠ ዘንድ ሄዶ "ለወጣቱ የቁልቁለት መጋለቢያ ልሥራ" ብሎ ጠየቀ። ገሠሠ ቀድሞ የእህል ነጋዴ ጸሐፊ የነበረ፣ ጥርሱን እየፋቀ የሚናገር፣ ለሰው ክፉ የማይባል ሰው ነበር። ቦታው የማንም እርሻ አለመሆኑን አጣርቶ፣ "ስፖርት ነው፤ ከመጠጥ ቤት ይሻላል" ብሎ ፈቀደለት።

መጀመሪያ የቆፈረው መንገድ ወደ ግራ የሚያዘነብለውን ነበር። ከአንዲት ትልቅ ወይራ ሥር ተገንጥሎ፣ የገደሉን ጠርዝ ይዞ፣ እረኞች ወደ ቆላ ከሚወርዱባት ቀጭን መንገድ የሚገናኝ ነው። ከሁሉ ያማረው መንገድ እሱ ነበር፤ አገሩን ሁሉ እያዩ ይወርዱበታል። ሠርቶ ሲጨርስ ራሱ ሊሞክረው ተነሣ። ከጠርዙ ላይ የላላች ድንጋይ ከጎማው ሥር ከዳችውና ወደቀ፤ አንዲት የአስታ ቁጥቋጦ ባትይዘው ኖሮ ሬሳው እንኳ አይገኝም ነበር። ዳሌው ተሰብሮ ወጌሻ አሸው፤ ከዚያ ወዲህ ሲራመድ በአንድ በኩል ያነክሳል። እንደዳነ የመጀመሪያ ሥራው ያን መንገድ ከወይራው ሥር በእሾህ ማጠር ሆነ።

ሁለተኛውን መንገድ በቀኝ በኩል አወጣው። ዶማ ያነሣ ጎረምሳ ሁሉ አብሮት ቆፈረ። መታጠፊያዎቹን ጎማ እንዳያዳልጥ በውጭ በኩል በአፈርና በድንጋይ ከፍ አድርገው ካቡ፤ ጎርፍ የቦረቦረው ፈረፈር ላይ የጥድ ግንድ ረብርበው ድልድይ ሠሩ፤ ውኃው መንገዱን ይዞ እንዳይወርድ አግድም ቦይ ቀደዱ። ብስክሌቶቹንም እንደገና ሠራቸው። የጭቃ መከላከያቸውን አወለቀ፣ የፊት እግራቸውን በብረት ደረበ። የውስጥ ጎማ ሲጠፋ ጎማውን በገመድና በሣር ጠቀጠቀው። የፍሬኑ ላስቲክ በረጅሙ ቁልቁለት እየጋለ ስለሚቀልጥ፣ ከአሮጌ የመኪና ጎማ እየቀረጸ አዲስ አበጀ።

ቁልቁለቱ እንዲህ ተሟላ፤ ዳገቱ ቀረ። ለዳገቱ ማንጠግቦሽ መጣች።

ማንጠግቦሽ የያርጋል እናት ናት። ባሏ የበቅሎ ነጂ ነበር፤ ሲሞት እሷ በቅሎዎቹን ተረክባ በወንዶች መካከል ሠራች። በሰላሙ ጊዜ ተራራውን ሊያይ የሚመጣውን ፈረንጅ ጓዝ ጭና እስከ ሳንቃ በር ታደርስ ነበር። ውጊያው ተራራውን ከያዘ ወዲህ ግን ፈረንጅም ቀረ፣ በቅሎዎቹም ሥራ ፈቱ። ይግዛው ሄዶ ቢያማክራት ደጃፏ ላይ ቆማ ሰማችውና፣

"ልጄ የሚወድቅበትን ነገር በገዛ በቅሎዬ ላውጣለት ነው የምትለኝ?" አለችው።

"ከእኔ ጋር ከሆነ አይወድቅም። መንገዱን ለዚህ አይደል የሠራሁት?"

"ማርያምን በል።"

"ማርያምን።"

እንዲህ ሆነ። ማንጠግቦሽ ከታች ከባሕር ዛፉ ሥር ትቀመጣለች። ጋላቢው ደርሶ ሲቆም፣ ከዛፍ የተሰቀለውን የመኪና ቸርኬ በብረት ሁለት ጊዜ ትመታለች፤ ከላይ ያለው ይግዛው ይህን ሲሰማ መንገዱ ነጻ መሆኑን አውቆ ቀጣዩን ይለቃል። ብስክሌቶቹን ከበቅሎ ላይ በግራና በቀኝ አስራ ወደ ላይ ትመልሳለች፤ ልጆቹም እያወሩ ከኋላዋ ይከተላሉ። ዳማ የምትባለው በቅሎዋ መንገዱን ከመልመዷ የተነሣ ፊት ፊት እየቀደመች ትወጣ ነበር፤ ግን ማንጠግቦሽ አንድም ቀን ያለ ነጂ አትለቃትም። "ጅብና ሌባ በቅሎ ይወዳል" ትላለች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ንፋስ አፋፍ የሠርግ ቤት ይመስል ጀመር። የገበያ ሰው ሳይቀር ወጥቶ ያያል። ልጃገረዶች ከትከሻው ላይ ተቀምጠው ማን እንደወደቀ ማን እንደቀደመ ያወራሉ። አንድ ጊዜማ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ጥላቸውን ይዘው መጡ፤ አንዱን ጎረምሳ ሲወርድ አይተው አማትበው፣ "ይኸስ ውዳሴ ከንቱ ነው። ግን ያምራል" አሉ። ያርጋልን ግን የሚደርስበት አልነበረም። እሱ ዓይኑ ሁልጊዜ ከታጠረው መንገድ ላይ ነበር።

"ጋሼ፣ አንድ ቀን ትፈቅድልኛለህ" ይላል ወይራውን እያሳየ።

"እኔ ሳልሞት አይሆንም።"

"እንግዲያስ ዕድሜ ይስጥህና ሳትፈቅድልኝ ልቀር ነዋ!" ይልና ይሥቃል።

ይህ ሁሉ ብዙ አልቆየም። የጦር ሠራዊቱ ምሽግ አፍአበት ወደቀ ከተባለ በኋላ የአገሩ ጠባይ ተለወጠ። ለብሔራዊ ውትድርና የሚጠራው ወጣት በዛ፤ በጥሪ የሚቀርበው ግን አነሰ። አባቶች ልጆቻቸውን ወደ በየዳና ወደ ጃናሞራ፣ ሰው ወደማይደርስበት ዘመድ ቤት ይሰዱ ጀመር። በገበያ ቀን አንድ የወታደር መኪና ሲታይ ጎረምሳው እንደ ጭላዳ ዝንጀሮ ወደ ገደሉ ይበተናል። ንፋስ አፋፍም ጭር አለ። ያርጋል ራሱ ከእናቱ ቤት ማደር ትቶ፣ ቀን ቀን ብቻ ብቅ እያለ ይሄድ ነበር።

ይግዛው ሥራ ፈትቶ መታጠፊያዎቹን ሲጠጋግን ሳለ ነው ጓድ ገሠሠ ከአፋፉ ድረስ ወጥቶ የመጣው። መቼም ወጥቶ አያውቅም ነበር።

"ጓድ ይግዛው፣ ትልቅ ውድድር እናድርግ" አለው። "ከዳባትም ይምጡ። ለአንደኛው ሙክት አለ፤ ድግስም እናበላለን። ወጣቱ መንፈሱ ወድቋል፤ ማነሣሣት አለብን።"

"ጓድ ሊቀ መንበር፣ ማን ይመጣል ብለው ነው? ሁሉም ፈርቶ ተደብቋል እኮ።"

"አንተ ከጠራሃቸው ይመጣሉ" አለ ገሠሠ። ይህን ሲል ዓይኑ ወደ ባሕር ዛፉ ነበር። "በእኔ ኃላፊነት በላቸው። በውድድሩ ቀን ማንም አይነካቸውም።"

ይግዛው ሞኝ አልነበረም። አሥመራ ሳለ ብዙ አይቷል። ግን ሰው የሚወደውን ነገር ሲሰጡት ጥርጣሬውን ራሱ ያንቀዋል። ንፋስ አፋፍ እንደገና ሰው ይሞላዋል፤ ይህ ብቻ ነበር የታየው። በማግሥቱ ዳባት ወርዶ ከቤት ቤት ዞረ። "ሊቀ መንበሩ ራሱ ቃል ገብቷል" አለ። ከገደል ሥር ባሉ መንደሮች ለተደበቁትም መልእክት ላከ። ወላጅ የሆነ ሰው ሲያመነታ፣ "እኔን አታምኑኝም?" ብሎ ጠየቀ። እሱን ያላመነ አልነበረም።

ማንጠግቦሽ ብቻ ናት ነገሩን ያልወደደችው። "የገሠሠ እህት ልጅ ይወዳደራል?" ብላ ጠየቀችው።

"እሱ ጎንደር ሄዷል አሉ።"

"መቼ ሄደ?"

"ትናንት መሰለኝ።"

ማንጠግቦሽ የበቅሎዋን ጀርባ ትዳብስ ጀመር። ከዚያ "ያርጋል ካልሄድኩ ብሎ ሊሞት ነው፤ እኔማ ምን አቅም አለኝ" አለች።

የውድድሩ እሑድ ጉም ነበር። ደባርቅ ላይ ጉም ሲወርድ ሰው የገዛ እጁን ለማየት ይቸገራል፤ ያን ቀን ግን ከላይ ገለጥ ብሎ ከትከሻው በታች ነበር የተኛው። ልጆቹ መጡ። ከዳባት የመጡት ነጭ ካናቴራ ለብሰው፣ ተሰልፈው ወጡ። ከተደበቁበት የወጡት ፊታቸው ቢገረጣም ብስክሌት ሲይዙ ሣቁ። ይግዛው ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከአጠገቡ አገኘሁ የሚባል የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አንግቶ ቆሟል። "ሥርዓት ለማስከበር ነው" አለው። ተመልካች ግን ወደ አፋፉ እንዳይወጣ ተከልክሏል፤ ከከተማው በኩል ሰው ቆሞ ይመልሳል ተባለ።

የመጀመሪያውን ለቀቀ። ልጁ ከትከሻው ወዲያ ተሰወረ። ትንሽ ቆይቶ ቸርኬው ተመታ። ሁለተኛውን ለቀቀ፤ ቸርኬው ተመታ። ሦስተኛውን፣ ቀጥሎ ያለውን... እንዲህ እያለ ሄደ።

እጁ ሥራ ላይ ስለነበር ጆሮው ዘግይቶ ነው ነገሩን የያዘው። የማንጠግቦሽ አመታት ሁለት ነበር፤ ረጋ ያለ፣ እንደ ደብር ደወል። ይህኛው አንድ ነው፤ ደረቅ፣ ችኩል። የወረዱትም ልጆች አልተመለሱም፤ በቅሎዎቹም አልወጡም።

"ምነው ዘገዩ?" አለ ለራሱ።

"ታች ድግስ አለ፤ እየበሉ ነው" አለ አገኘሁ፣ ሳይጠየቅ።

ያን ጊዜ ከጉሙ ውስጥ ዳማ ወጣች። ብቻዋን ነበረች። ጀርባዋ ላይ ብስክሌት የለም። መሳቢያ ገመዷ፣ ሰው ከብቱን ወደ ቤቱ ሂድ ብሎ ሲለቅ እንደሚያደርገው፣ ባንገቷ ተጠምጥሟል። ከይግዛው ፊት መጥታ ቆመችና እያለከለከች ተነፈሰች።

ማንጠግቦሽ በቅሎዋን ያለ ነጂ ለቅቃ አታውቅም። ልጆቹ ከትከሻው ወዲያ ምን ላይ እየደረሱ እንደሆነ ባንድ ጊዜ ገባው። አንድ በአንድ፣ እያንዳንዱን በገዛ እጁ ጀርባውን እየገፋ ነበር የላከው። ጮሆ "ሽሹ!" ሊል አሰበ፤ የአገኘሁ ጠመንጃ ከትከሻው ወርዶ እጁ ላይ ነበር። በመጡበት መንገድ ቢበተኑ ደግሞ ከከተማው በኩል የቆሙት ይቀበሏቸዋል። በቀኙ መንገድ ቢወርዱ ከታች የወታደር መኪና አለ። የቀረው በግራ ያለው ብቻ ነው።

"ፍሬኑን ሳላየው አይሄድም" አለ ጮክ ብሎ፤ ከቀጣዩ ልጅ ጎማ ሥር ተንበረከከ። ልጁ ድረስ የሚባል የዳባት ልጅ ነበር። ይግዛው ላስቲኩን የሚያጠብቅ መስሎ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ተናገረው።

"ታች ወታደር አለ። ወይራው ጋ ስትደርስ ወደ ግራ። እሾሁን ጥሰህ እለፍ። ከውስጥ በኩል ተጠጋ፣ ወደ ጠርዙ አትይ። ፍሬንህን አትልቀቅ። የእረኛው መንገድ ላይ ስትደርስ ብስክሌቱን ጥለህ ሩጥ።"

ድረስ ፊቱ አመድ መሰለ። ሄደ። ቸርኬው ግን አልተመታም።

"ምነው አልተመታ?" አለ አገኘሁ።

"ጉሙ ድምፅ ይበላል" አለ ይግዛው፤ ቀጣዩንም ለቀቀ። አገኘሁ ንፋስ አፋፍን አያውቀውምና ከወይራው ወደ ግራ መታጠፋቸው የውድድሩ መንገድ መሰለው። ለእያንዳንዱ ተንበረከከ፤ ለእያንዳንዱ ያንኑ ነገረ። መፍቻው ሁለት ጊዜ ከእጁ ወደቀ። የቀሩት ብዙ አልነበሩም። ያሸንፋል የተባለው ለመጨረሻ ይቆይ ስለተባለ፣ ያርጋል የሁሉም መጨረሻ ነበር።

ያርጋል ሁሉን ነገር አይቶ ነበር፤ በቅሎዋንም፣ ገመዷንም። ይግዛው ሲንበረከክ እሱ አስቀድሞ አጎነበሰ።

"እናቴስ?" አለ በሹክሹክታ።

"በቅሎዋን የላከችልህ እሷ ናት። ሂድ። ቀስ በል ልጄ፣ እባክህ ቀስ በል። አንተ የምታውቀው መንገድ አይደለም።"

"አውቀዋለሁ" አለ ያርጋል። "ስንት ጊዜ በእግሬ ሄጄበታለሁ።" ፈገግ ሊል ሞከረ፤ አልሆነለትም። የሁለቱም ዓይን ተገናኘ። ያ መንገድ እንዲህ ባለ ቀን ይፈቀዳል ብሎ ማንም አላሰበም።

ያርጋል ገና ከመነሣቱ ከታች ፊሽካ ተነፋ፤ የሚጠብቁት ሲቀር ወታደሮቹ ነገሩ ገብቷቸው ነበር። አገኘሁ "ቁም!" ብሎ ጮኸና ወደ ሰማይ ተኮሰ። ያርጋል በተኩሱ ድምፅ ጎንበስ አለ፤ ፍሬኑን ለቀቀው። ይግዛው ወይራው ጋ ሲደርስ፣ በግራ ሲታጠፍ፣ በተበተነው እሾህ ላይ ሲያልፍ አየው። ከፔዳሉ ላይ ቆሞ ነበር። ከዚያ ጉሙ ዋጠው። ይግዛው የብስክሌቱን ድምፅ ለመስማት ትንፋሹን ያዘ፤ ግን ዳማ ከጎኑ በድንጋጤ ትጮህ ስለነበር ምንም አልሰማም።

ይግዛውን ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጀርባ ካለች ጭለማ ክፍል አሰሩት። በዱላ ጠየቁት፤ "በቅሎ ስትመጣ ደንግጬ ነው" ከማለት በቀር ሌላ አልተናገረም። ስለ ማንጠግቦሽ አልጠየቁትም። እሷ "ውኃ ላጠጣት" ብላ ዳማን ወደ ምንጩ ስትወስድ ከእጇ እንዳመለጠቻት አድርገው ነበር ወታደሮቹ የተረዱት።

ገሠሠ አንድ ጊዜ ብቻ መጣ። ከበሩ ቆሞ፣ ሳይገባ ተናገረ።

"የማንጠግቦሽ ልጅ ገደል ገባ" አለ። "እረኞች አገኙት። ዛሬ ተቀበረ።"

ይግዛው ከግድግዳው ተደግፎ ቁጭ እንዳለ ነበር። 

"ሌሎቹስ?"

"ሌሎቹ የሉም። ቆላ ገብተዋል።" ገሠሠ ጥርሱን የሚፍቅበትን እንጨት ከአፉ አወጣ። "ይህን ያህል ወጣት አምጣ ተብሎ እኔ ላይ የተጣለ ቁጥር ነበር፣ ይግዛው። እኔ ባላደርገው ሌላው ይመጣና ከየቤቱ በር እየሰበረ ይወስዳል። ይኸ ያለ ደም ይሻላል ብዬ ነበር።"

"ያለ ደም" አለ ይግዛው።

"ደሙን ያመጣኸው አንተ ነህ። ልጁ እኔ ዘንድ ቢደርስ ጠመንጃ ይዞ፣ ደብዳቤ እየጻፈ፣ አንድ ቀን ይመለስ ነበር።"

ይግዛው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።  ገሠሠ የበሩን መቀርቀሪያ መልሶ ሄደ።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ለቀቁት። ብስክሌቶቹ ለጦር ሠራዊቱ ተላላኪ ያገለግላሉ ተብለው ተወስደው ነበር። ከእስር የወጣ ዕለት ጢሙን እንኳ ሳይላጭ ማንጠግቦሽ ቤት ሄደ። ጥቁር ለብሳ፣ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ከደጃፏ ድንጋይ ላይ ገብስ ትለቅም ነበር። ከፊቷ ቆመ። "እግዜር ያጥናሽ" ሊል ነበር የመጣው። ተንበርክኮ እግሯን ሊይዝ ሲል እግሯን ሰበሰበች።

"ተው" አለች። "ተው ይግዛው፣ አፈር አትንካ።"

"እኔ ነኝ የላክሁት።"

"አውቃለሁ። በቅሎዋን የላክሁት ደግሞ እኔ ነኝ።" ገብሱን በመዳፏ አገላበጠች። "እዚያ ቁጭ ብዬ ልጆቹ አንድ በአንድ ሲወርዱ፣ ከብስክሌት ላይ ሲያነሷቸው፣ መኪና ላይ ሲጥሏቸው አየሁ። አንዱ 'እማዬ' ብሎ ጮኸ፤ የማን ልጅ እንደሆነ እንኳ አላውቅም። የእኔ ሲመጣ ላለማየት ብዬ ነው በቅሎዋን የለቀቅሁት። ለአንተ ብዬ አይደለም፤ ለሌሎቹም ብዬ አይደለም። ለእኔው ልጅ ብዬ ነው።"

"ማርያምን ብዬሽ ነበር።"

"ብለኸኝ ነበር።"

 ከጎረቤት ዶሮ ገብሱን ልትለቅም ተጠጋች፤ ማንጠግቦሽ አላባረረቻትም።

"የተወሰዱት ልጆች እናቶች ሬዲዮ ያዳምጣሉ" አለች ቆይታ። "ከአሥመራ መኪና መጣ ሲባል ከጎዳናው ዳር ይወጣሉ። ይሙት ይዳን አያውቁም፤ ግን የሚጠብቁት አላቸው። የድረስንም እናት ልጅሽ ቆላ ገብቷል አሏት፤ እሷም ትጠብቃለች። እኔ መጠበቁን እንኳ አጣሁ። በል ሂድ አሁን። ክፉ አልልህም። ደህና ግን ልልህ አልችልም።"

ይግዛው ሄደ። ከዚያ ቀን በኋላ ገበያ ላይ ቢገናኙ እሷ በሌላ በኩል ታልፋለች፤ እሱም መንገድ ይለቅላታል። የከተማው ሰው ስለ እሱ ሁለት ልብ ነበረው። ግማሹ "ልጆቻችንን ለወታደር የሸጠ" ይለዋል፤ ግማሹ "ያን ያህሉን ያተረፈ" ይለዋል። እሱ ሁለቱም እውነት መስሎ ስለሚታየው ለማንም አልተከራከረም። የቆርቆሮ ክፍሉን መልሶ ከፈተ፤ ብስክሌት ስለሌለ ምድጃና ኩራዝ፣ የተሰበረ ማረሻም ሳይቀር ይጠግን ጀመር።

በሁለተኛው ዓመት ክረምት ከንፋስ አፋፍ ሥር የሚያርሱት ገበሬዎች መጡበት። ቦዮቹን የሚጠርግ ሰው ስለጠፋ ዝናቡ የብስክሌቱን መንገድ ይዞ እየወረደ፣ ጎርፉ ቡቃያቸውን ጠርጎ እየወሰደው ነው። "አንተ ያወጣኸውን መንገድ አንተው ዝጋልን" አሉት። ይግዛው እሺ አለ።

ዶማውን ይዞ ብቻውን ወጣ። የካባቸውን መታጠፊያዎች አንድ በአንድ አፈረሰ፤ ድንጋዩን ፈንቅሎ በውኃው መውረጃ ላይ አግድም ደረደረው፤ አፈሩን ወደ ቦታው መለሰ። የተረገጠው መሬት እንደ ንጣፍ ጠጥሮ ነበርና እጁ ውኃ ቋጠረ። የተሰበረ ዳሌው ማታ ማታ አላስተኛ አለው። ወይራው ጋ ሲደርስ ወደ ግራ አላየም፤ ጀርባውን ሰጥቶ ቆፈረ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የበቅሎ ኮቴ ሰማ። ማንጠግቦሽ ነበረች፤ ከዘመድ ቤት ድርቆሽ ጭና በአቋራጩ ትመለሳለች። ሊሸሽ ቦታ አልነበረውም። ዶማውን እንደያዘ አጎንብሶ ቆየ። በቅሎዎቹ አለፉ፤ እሷም ከኋላቸው አለፈች፤ ጥቂት ከሄደች በኋላ፣ ሳትዞር፣ ሥራ ላይ ላገኙት ለማንም ሰው እንደሚባለው፣

"እግዜር ያበርታህ" አለች።

ከልቧ ይሁን ከልማድ ሊያውቅ አልቻለም። "አሜን፣ አብሮ ያበርታን" ሊል አፉን ከፈተ፤ እሷ ግን ከትከሻው ወዲያ ወርዳ ነበር። ይግዛው ቆም ብሎ የኮቴው ድምፅ እስኪጠፋ አዳመጠ። ከዚያ እጁን በምራቁ አርሶ ዶማውን አነሣ፤ ሳይመሽ የሚያፈርሰው አንድ መታጠፊያ ቀርቶት ነበር።